ናታንያ ወይስ ባት ያም? በባሕር ዳር ቤት ለሚገዙ ንጽጽር

በእስራኤል የሜዲትራኒያን ዳርቻ አፓርታማ ለመግዛት የሚያስቡ ብዙ ቤተሰቦች ናታንያንና ባት ያምን ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። ሁለቱም ለቴል አቪቭ ቅርብ የሆኑ የባሕር ከተሞች ናቸው፤ ነገር ግን የቆሙበት መሬትና ያደጉበት ታሪክ እጅግ ስለሚለያይ፣ ገዢው የክፍል ብዛትና ማሽካንታ (የቤት መግዣ የባንክ ብድር) ከማስላቱ በፊት እነዚህን ሁለቱን ቢመረምር ይበጀዋል።

ናታንያ ከቴል አቪቭ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ኩርካር በሚባለው የአሸዋ ድንጋይ ገደል አናት ላይ ተዘርግታለች። ገደሉ በአንዳንድ ስፍራ ከ30 ሜትር በላይ ስለሚደርስ ከላይ ሆኖ የሚታየው ባሕር ልብ ያሳርፋል፤ ይሁን እንጂ ኩርካር ጽኑ ዓለት አይደለም። የክረምት ማዕበል ከሥር ሲበላው፣ ዝናብም ከላይ ሲሸረሽረው ጠርዙ በጊዜ ብዛት ወደ ምሥራቅ ያፈገፍጋል። ከገደሉ ግርጌ ማዕበሉን የሚያበርደው አሸዋ አብዛኛው ዓባይ ወደ ሜዲትራኒያን አውርዶት፣ የባሕር ሞገድ ወደ ሰሜን ምሥራቅ እየገፋ ያመጣው ነው (የኢትዮጵያ ደጋ አፈር የዚህ ጉዞ ተካፋይ መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል)። የአስዋን ታላቁ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ ግን የወንዙ ደለል ከግድቡ በስተ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ በገደሉ ጠርዝ ላይ ካለው የመጀመሪያ ረድፍ ይልቅ ጥቂት መንገድ ወደ ውስጥ የገባውን ቤት እመርጣለሁ።

ባት ያም ከቴል አቪቭ ደቡባዊ ክፍል ከያፎ በስተ ደቡብ ተያይዛ የቆመች ስትሆን ስፋቷ 8 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ናታንያ ከሦስት እጥፍ በላይ ትሰፋለች። በ1926 በአሸዋ ክምር መካከል ስትመሠረት ስሟ «ባይት ቫጋን»፣ ማለትም ቤትና የአትክልት ስፍራ ነበር። በአረቦችና በአይሁድ መካከል በተነሣው የ1929 ሁከት ነዋሪዎቿ ለቀዋት ኋላ ተመለሱ፤ ከ1948 በኋላ ደግሞ ስደተኞች በብዛት ስለጎረፉባት ያ ጠባብ መሬት በአጭር ጊዜ በተሠሩ ሕንፃዎች ተሞላ።

ይህ ታሪክ ዛሬ በገዢው ላይ ይወድቃል። ማማድ የሚባለው የተጠናከረ የመጠለያ ክፍል በአዳዲስ ቤቶች ግዴታ የሆነው ከ1991 የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተሠራ አፓርታማ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ክፍል የለውም። በባት ያም ሻጮች «ሕንፃው ለፒኑይ ቢኑይ ታስቧል» ሲሉ ይሰማል፤ ይኸውም አሮጌው ፈርሶ ባለቤቱ በአዲሱ ሕንፃ ቤት ያገኛል ማለት ነው። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም ከውይይት እስከ ቁልፍ ርክክብ ብዙ ዓመታት ሊፈጅ ስለሚችል፣ ፈቃዱን በጠበቃ ሳያረጋግጡ ለተስፋ ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አይገባም።

ናታንያ በ1929 በብርቱካን አምራቾች ተመሥርታ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከቤልጂየም በመጡ ስደተኞች አማካይነት የአልማዝ መሞረድ ሥራ አደገባት። በደቡብ ጫፏ ያለው ኢር ያሚም ግን አዲስ ሰፈር ነው፤ በአጠገቡም ሐምራዊ አበባ የሚያብብበት የአይሪስ ጥብቅ ስፍራ ይገኛል።

በመጓጓዣ ባት ያም ትበልጣለች። በነሐሴ ወር 2023 የተከፈተው ቀይ መስመር ቀላል ባቡር በያፎና በቴል አቪቭ በኩል እስከ ፔታህ ቲክቫ ይዘልቃል። የናታንያ ባቡር ጣቢያዎች ከባሕሩ ርቀው በከተማዋ ምሥራቅ ስለሚገኙ ባሕር ዳር የሚኖር ሰው ወደ ጣቢያው አውቶቡስ ያስፈልገዋል።

በሌላ በኩል ናታንያ በሀገሪቱ ካሉት ትልልቅ የቤተ እስራኤል ማኅበረሰቦች አንዱን ይዛለች። ለአረጋውያን ወላጆች የሚገዛ ሰው ቋንቋቸውን የሚናገር ጎረቤትና በቅርብ የሚደረስ ዘመድ ከባሕር እይታ በፊት ሊያስቀድም ይገባል፤ እኔም ለእነርሱ ብገዛ ናታንያን እመርጥ ነበር። በየቀኑ ወደ ቴል አቪቭ ለሥራ ለሚመላለሱ ወጣት ባልና ሚስት ግን ማማድ ያለው የባት ያም አፓርታማ፣ ጠበብ ቢል እንኳ፣ ይሻላቸዋል።