ለ999 ልጆች፦ እጃችሁ ይባረክ

ይሄን ጽሁፍ መጻፍ የነበረብኝ ከሁለት ወር በፊት ነው። ሆስፒታል መመላለሱ፣ ልጆቹ፣ ሥራው እያለ ዛሬ ደረስኩ። ለንደን ያላችሁ፣ በተለይ እናት ወይም አባት አብረዋችሁ የሚኖሩ፣ ትንሽ ረዘም ቢልም ታገሱኝ።

እማዬ 74 ዓመቷ ነው። በዓቢይ ጾም አንድ አርብ ጠዋት የእንግዳውን ጀበና ላውርድ ብላ በርጩማ ላይ ወጣች። የዘወትሩ ጀበና እታች ተቀምጧል እኮ! ማን እንግዳ እንደሚመጣ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ድው ሲል ሰምቼ ስሮጥ ጀበናው ደህና ነው፣ እማዬ ወለሉ ላይ ናት። ግራ እግሯ ከቀኙ አጥሮ ወደ ውጭ ዞሯል። ሐኪም ባልሆንም ዳሌዋ እንደሆነ ገባኝ።

የእንግሊዝ የአደጋ ጊዜ ስልክ 999 ደወልኩ። አታንቀሳቅሻት፣ ምንም እንዳትበላ፣ እንዳትጠጣ አሉኝ። አርባ ምናምን ደቂቃ ጠበቅን። ልቡ የቆመ፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ይቀድማል፣ እሱ ይገባኛል። እማዬ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ቃል አልተነፈሰችም፣ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ዝም።

ሁለት ሆነው መጡ፣ አንዲት ሴት ፓራሜዲክ (የአምቡላንስ ሕክምና ባለሙያ) እና አንድ ወጣት ባልደረባዋ። ሴትየዋ ቦርሳዋን እንኳን ሳትከፍት ወለሉ ላይ ተንበርክካ የእማዬን እጅ ያዘች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ከዜሮ እስከ አሥር ሕመሙ ስንት እንደሆነ ጠይቂያት፣ ዜሮ ምንም የለም፣ አሥር ከዚህ የባሰ የለም» አለችኝ።

ጠየቅኳት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።

ይሄን ወደ ቁጥር ተርጉሙልኝ እስቲ! «እማዬ፣ ቁጥር ነው የምትፈልገው» ስላት ትንሽ አሰበችና «ሦስት በያት» አለች። እኔም ሞኟ «ሦስት» አልኩ። ፓራሜዲኳ የእማዬን ፊት አየች፣ የልብ ምቷን አየች፣ የእኔን እጅጌ ጨምድዶ የያዘውን እጇን አየች። «ፊቷ ሦስት አይልም» አለችኝ። በኋላ ለምን ሦስት እንዳለች ስጠይቃት «ሰው ፊት እንዴት አሥር ይባላል?» አለችኝ። ምን ትሏታላችሁ!

መጀመሪያ የሰጠቻት የሕመም ማስታገሻ ጋዙን ነው። ኢንቶኖክስ ይባላል፣ ግማሹ ናይትረስ ኦክሳይድ ግማሹ ኦክስጅን ነው። እዚህ አገር የወለዳችሁ ታውቁታላችሁ፣ ያው ምጥ ላይ የሚሳበው ነው። ብሪታኒያዊው የማደንዘዣ ሐኪም ማይክል ተንስታል ሁለቱን በአንድ ሲሊንደር ቀላቅሎ ያቀረበው በ1961 ነው። ጥሩነቱ በሽተኛው ራሱ መያዙ ነው። አፏ ላይ አድርጋ ስትስብ ይመጣል፣ ከበዛባትና ከደከማት እጇ ራሱ ይወርዳል፣ ጋዙም ይቆማል። ስለዚህ ሌላ ሰው ይያዝላት አይባልም፣ እኔ ልያዝላት ስል ፓራሜዲኳ ቀስ አድርጋ እጄን መለሰችው። ለሁሉም ሰው ግን አይሆንም፣ ጭንቅላቱን ክፉኛ ለተመታ ወይም ደረቱ ውስጥ አየር ለገባ አይሰጥም። ስለዚህ አስቀድማ ብዙ ጠየቀችን።

እማዬ ደግሞ የራሷ ጥያቄ ነበራት። «ጾም ነው፣ ምንም አልቀምስም» አለች። በዚያ ሁኔታ! «እማዬ አየር ነው፣ አይገደፍበትም» አልኳት። (የንስሐ አባቷ ኋላ ሲሰሙ በሳቅ ሞቱ።) ሁለት ሦስቴ ሳበች። ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እጅጌዬን ለቀቀችው። ዓይኗን ገልጣ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ጠጅ ጠጅ ይላል» አለችኝ። እኔ በሳቅና በለቅሶ መሃል ነበርኩ፣ ፓራሜዲኳ ምን አለች ብላ ጠየቀችኝና ተርጉሜላት እሷም ሳቀች።

ጋዙ ቶሎ እንደሚመጣ ሁሉ ቶሎ ይጠፋል። ስለዚህ በጎን በደም ስር ፓራሲታሞል ሰቀለችላት፣ ከዚያ ሞርፊን። እዚህ ላይ እኔ ደነገጥኩ። ሞርፊን ሲባል ሱስ ነው ትዝ የሚለኝ። ሳትቆጣ አስረዳችኝ። በአንዴ አትሰጥም፣ ጥቂት ትሰጥና ትንፋሿን እያየች ትጠብቃለች፣ እንደገና «አሁንስ ስንት?» ትላለች፣ ካስፈለገ ትጨምራለች። ትንፋሽ ቢቀንስ ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ ቦርሳዋ ውስጥ አለ። ለአጣዳፊ ሕመም እንዲህ እየተለካ የሚሰጥ ሞርፊን ሱሰኛ እንደማያደርጋት ነገረችኝ። «ሐኪሙ ሳያያት ሕመሙ ከጠፋ ምርመራው አይበላሽም ወይ?» አልኳት፣ እኛ ቤት ሁሌ የሚባል ነገር ነው። አያበላሽም፣ እንዲያውም ሳትጮህ ስትነካ በደንብ ትታያለች አለችኝ። የሰጠችውን መጠንና ሰዓት ሁሉ መዝግባ ለሆስፒታሉ አስረከበች።

አንዱን ነገር ግን መቼም አልረሳውም። ለሁለት በሚከፈለው ቃሬዛ ከግራና ከቀኝ ገብተው፣ በእግሮቿ መሃል ብርድ ልብስ አድርገው፣ ደረጃውን አውርደው አምቡላንስ ውስጥ አስገቧት። የእኛ ሰፈር መንገድ በብሬከር የተሞላ ነው። ፓራሜዲኳ ከእማዬ አጠገብ ተቀምጣ፣ ወጣቱ ከፊት ሆኖ «ብሬከር» ይላል፣ እሷ ትንሽ ቀደም ብላ ለእማዬ ምልክት ታሳያታለች፣ እማዬ ጋዙን ትስባለች፣ መኪናው ቀስ ብሎ ያልፋል። በየብሬከሩ! ቃል አያስፈልጋቸውም ነበር፣ ሁለቱ በጣት ብቻ ተግባቡ።

እኔ ይሄን እያየሁ አለቅሳለሁ፣ ለምን እንደማለቅስ የሚያውቅ የለም። አባቴ የዛሬ 15 ዓመት ገደማ አዲስ አበባ ጭኑ ተሰብሮ በላዳ ታክሲ ነው የወሰድነው። ሦስት ሆነን ከኋላ ወንበር ላይ ዘርግተነው፣ ኮረኮንቹ ላይ መኪናው በዘለለ ቁጥር የሚያወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። አምቡላንስ መጥራት ለማናችንም አልታየንም። አገር ቤት ያላችሁ ቁጥሮቹን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፣ ቀይ መስቀል 907፣ ጠብታ አምቡላንስ 8035። የጠብታ መሥራች አቶ ክብረት አበበ ራሱ የማደንዘዣ ነርስ ነው፣ ሕመም ማለት ምን እንደሆነ ይገባዋል።

ለንደን ላላችሁ ደግሞ ከዚያ ቀን የተማርኩትን ልንገራችሁ። እንግሊዝኛ ባይሆንላችሁ ስልኩ ላይ «አምሃሪክ» በሉ፣ አስተርጓሚ ያገናኛሉ። ወላጆቻችሁ የወሰዱትን መድኃኒትና የማይስማማቸውን ለአምቡላንስ ሠራተኞቹ ንገሯቸው፣ ፓራሲታሞል ሰጥታችሁ ከሆነ በስንት ሰዓት እንደሰጣችሁ ጭምር። ማስታገሻ ካልተነሳ እናንተ አንሱት፣ መጠየቅ ነውር አይደለም። ደግሞ እባካችሁ «ደህና ነኝ» ስትል «ደህና ናት» ብላችሁ አትተርጉሙ፣ እኛ የእናቶቻችንን ይሉኝታ እናውቃለን፣ ፈረንጆቹ ከየት ያውቁታል?

ሆስፒታል ስንደርስ ዳሌዋ አካባቢ የነርቭ ማደንዘዣ መርፌ ወጓት፣ በማግስቱ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። አሁን በዎከር ትሄዳለች፣ ወጥ ቤትም ገብታ ትቆጣጠረናለች። ጀበናዎቹን ሁሉ እታች አውርጄያቸዋለሁ፣ ተኮሳትራ ነው የምታያቸው።

ፓራሜዲኳን ስሟን እንኳን አልያዝኩትም። የአምቡላንሱ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ሠራተኛ የሚመሰገንበት ቦታ አለ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና አድራሻውን ከጻፋችሁ የትኛው ቡድን እንደነበር ፈልገው ያደርሱላቸዋል። እኔም ትናንት ማታ ልጽፍ ስቀመጥ እማዬን «ምን ልበልልሽ?» አልኳት።

«እጅሽ ይባረክ በያት፣ ልጅ ካላትም ያሳድግልሽ በያት» አለችኝ። ጻፍኩ። ልልከው ስል ጠራችኝ።

«ደግሞ አሥር ነበር በያት።»