የአባቴ ፒክአፕ እና ጆሮ የሰጡት መካኒክ

ለእረፍት አገር ቤት በቆየሁባቸው ሳምንታት የምነዳው የአባቴን ፒክአፕ ነበር። አሮጌ የናፍጣ ሃይሉክስ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1995 ስሪት። አንድ ቀን ጠዋት ሳስነሳው ከኮፈኑ ስር «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ነዳጅ ስሰጠው ድምፁም ይፈጥናል። ደነገጥኩ። አባቴ ለዚህ መኪና ያለው ፍቅር ልዩ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ አንድ ልጅ ጠጋ ብሎ ሰማውና «ቢዬላ ነው፣ ሞተሩ ይወርዳል» አለኝ። ቢዬላ ፒስተኑን ከሞተሩ ዋና ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ ነው። ምንም አልጠየቀኝም። ይዤው ወጣሁ።

ልመሰክርለት የፈለግኩት ሁለተኛውን ጋራዥ ነው። ባለሙያው በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት «የሚብሰው ሲቀዘቅዝ ነው ሲሞቅ?» አሉኝ።

«ሲቀዘቅዝ ይመስለኛል፣ ጋሼ።»

«እንግዲያውስ እዚሁ ይደር። ጠዋት አብረን እንሰማዋለን።»

እኔ በምኖርበት አገር መኪና ሲበላሽ ኮምፒውተር ይሰካበታል። የዚህ መኪና የናፍጣ ፖምፓ ግን ሙሉ በሙሉ ሜካኒካል ነው፤ ኮምፒውተር የሚያነበው ነገር የለውም። የቀረው ጆሮ ነው።

በማግስቱ ሞተሩ እንደቀዘቀዘ አስነሱት። ናፍጣውን ሲሊንደሮቹ ውስጥ ወደሚረጩት ኢንጀክተሮች የሚሄዱትን ቱቦዎች በየተራ ላላ፣ ጠበቅ አደረጉ፤ ቱቦው ሲላላ ያ ሲሊንደር ናፍጣ አያገኝም። አራተኛው ሲላላ ድምፁ ቀነሰ። እኔ «በቃ፣ አለቀ» ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ይህ ችግሩ የትኛው ሲሊንደር ጋ እንዳለ ብቻ ነው የሚነግረን፣ ቢዬላም ቢሆን እንደዚሁ ይቀንሳል አሉኝ። ከዚያ ረጅም ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ አስደግፈው እጀታውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ውስጥ የሚመታ ብረት የለም። ቀጥለው አንድ ቁራጭ ጎማ ቱቦ አመጡ። ካቻቢቴ የብረት ንዝረት ያስተላልፋል፤ የሚያፈተልክ አየር የሚሰማው ግን በቱቦ ነው። ጫፉን የጭስ መውጫው ከሞተሩ ጋር ወደሚጋጠምበት ሲያስጠጉት ፈገግ አሉ። ለእኔም ሰጡኝ። ጭሱ «ጵስ ጵስ» እያለ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

ሞተሩ ሲግል ድምፁ ጠፋ። ብረቱ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ክፍተቱን ይደፍነዋል። የቢዬላ ብሮንዚና (ቢዬላው ዘንጉን የሚይዝበት ስስ ብረት) ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ሲሞቅ ስለሚቀጥን አብዛኛውን ጊዜ ይብስበት ነበር። ለማረጋገጥ የዘይት ግፊቱንም በመለኪያ አዩት፤ ደህና ነው። ሲፈታ አንድ ብሎን ተበጥሶ፣ በመጋጠሚያው መሃል ገብቶ ጭሱን የሚያግደው ጓርኒሲዮንም በዚያ በኩል ተቃጥሎ ተገኘ።

ቅሬታ አለኝ። «ከሰዓት ይደርሳል» ተብዬ የተበጠሰውን ብሎን ማውጣት እስከ ማግስቱ ማታ ወሰደ። የደወለልኝም ሰው አልነበረም። ለጥቂት ሳምንታት ለሚመጣ ሰው አንድ ቀን ብዙ ነው። ቢያንስ ስልክ ሊደወልልኝ ይገባ ነበር። ያም ሆኖ መኪና ይዞ ለሚመጣ ዘመድ ሁሉ የምጠቁመው እሳቸውን ነው።

አሮጌውን ጓርኒሲዮን በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። ጭሱ ያፈተለከበት ቦታ ጥላሸት አስምሮበታል። ለአባቴ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ለረጅም ጊዜ አገላብጦ አየው፤ ከዚያ ቁልፉን ተቀብሎኝ ሊያስነሳው ወጣ።