ለሰፈር የአካባቢ ፍትህ ግሩፖች ትንንሽ ግራንት የሚሰጥ ፈንድ፦ ከ5 ኮከብ 4

ፈንዱን በስሙ አልጠራውም፣ ምክንያቱም የምወቅሰው ነገር አለኝ፣ ደግሞ እንደዚህ አይነት አሰራር ያላቸው ብዙ ስለሆኑ ስሙ ብዙም ለውጥ አያመጣም። ስራቸው ባጭሩ፣ በሰፈር ደረጃ ስለ ጭስ፣ ስለ ፍሳሽ፣ ስለ ቆሻሻ መጣያ ለሚሟገቱ ግሩፖች ትንሽ ትንሽ ገንዘብ መስጠት ነው፣ ማለት ቢሮ ለሌላቸው፣ ቅጥር ሰራተኛ ለሌላቸው፣ ስብሰባቸው ሰው ቤት ለሆነ። እኛ ከባድ መኪና ሲያልፍበት የሚውል መንገድ ዳር ያለ ሰፈር ነን፣ ያመለከትነው አየሩን በራሳችን ለመለካት ነበር፣ አሁን የመጨረሻ ሪፖርት አስገብተን ጨርሰናል።

ከጥሩው ልጀምር። ገንዘቡን ቀድመው ነው የሚለቁት። ይሄ ለማያውቀው ሰው ምንም ላይመስል ይችላል፣ ግን ብዙ የመንግስት ግራንት መጀመሪያ አውጡ፣ ደረሰኝ ሰብስቡ፣ ከዛ እንተካላችኋለን ነው የሚለው፣ የሰፈር ግሩፕ ደሞ ከየት አምጥቶ ነው የሚያወጣው፣ ሰብሳቢዋ ከደሞዟ ልትሸፍን ነው እንዴ? ደሞ እንተካለን የተባለው እንደሚተካ ማን ዋስ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ህግ ለአካባቢና ለአየር ንብረት ፍትህ ተብሎ 3 ቢሊዮን ዶላር ተይዞ ነበር፣ በ2025 አዲስ አስተዳደር ሲመጣ ግራንቶቹ በጅምላ ተሰረዙ፣ ተፈርሞ ያለቀ ውል ሳይቀር። ሰው ቀጥሮ፣ እቃ አዝዞ የጠበቀ ግሩፕ ምን እንደሚሰማው አስቡት። ስለዚህ ቅድሚያ ክፍያ ለብቻው አንድ ሙሉ ኮከብ ይገባዋል።

ማመልከቻው አጭር ነው። ሎግ ፍሬም (የፕሮጀክቱን ዓላማና ውጤት የሚዘረዝር ሰንጠረዥ) ሙሉ፣ ኢንዲኬተር (የውጤት መለኪያ) አስቀምጡ ምናምን የለም። የፈንዱ ፕሮግራም ኦፊሰር ደውላ ችግሩ ምንድነው፣ ማን ይሰራዋል፣ ገንዘቡ ለምን ይውላል ብላ ጠየቀችን፣ ራሷ ጻፈችው፣ በቃ። የተመድ ልማት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የሚያስኬደው የጂ ኢ ኤፍ (የዓለም አቀፉ የአካባቢ ጥበቃ ፈንድ) ትንንሽ ግራንቶች ፕሮግራምም በቪዲዮ የቀረበ ፕሮፖዛል የሚቀበልበት አሰራር አለው፣ ማለት ሰነድ ማሳመር የማይችል ግሩፕን ሳያባርሩ መስራት ይቻላል። የቀሩት ለምን እንደማያደርጉት አይገባኝም፣ ፕሮፖዛል ጸሐፊ ቅጠር ማለት እኮ ግራንቱን ለጸሐፊው ስጥ ማለት ነው።

አንድ የሚያናድድ ነገር ግን አለ፣ የተመዘገበ ድርጅት ካልሆናችሁ ገንዘቡ በሌላ ድርጅት አካውንት በኩል ነው የሚያልፈው። ያ ድርጅት ደሞ ለአስተዳደር ብሎ ይቆርጣል። ከሌሎች ግሩፖች እንደምሰማው ከሆነ የኛው አልበዛም፣ ግን ፈንዱ ቆረጣውን ከላይ ቢጨምርበት ምን ይጎዳዋል፣ ትንሽ ገንዘብ ሰጥቶ ከዛው ላይ ማስቆረጥ አይጥምም።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ። በእጅ የሚያዝ የሚያህል ርካሽ ሴንሰር ነው የገዛነው፣ ፒ ኤም 2.5 የሚባለውን ደቃቅ ብናኝ የሚለካ። ጥሩ እቃ ነው፣ ግን ጠባይ አለው። አየሩ ሲረጥብና ጭጋግ ሲሆን ብናኟ ውሃ ትጠጣና ታብጣለች፣ ውስጥ ያለው ሌዘር ደሞ ትልቅ መስላው ቁጥሩን ይሰቅለዋል፣ ማንም ምንም ሳያቃጥል ማለት ነው። መፍትሄው የታወቀ ነው፣ ሴንሰሮቹን ለተወሰነ ጊዜ ከመንግስት ጣቢያ ትልቁ ማሽን አጠገብ ታስቀምጣለህ፣ ልዩነቱን ታያለህ፣ በሱ ታርማለህ። ይሄን ለማድረግ ባለሙያ ትከፍላለህ፣ ፈቃድ ትጠይቃለህ፣ ሰው ይመላለሳል። እኛ ካሊብሬሽን ብለን በጀት ላይ አስገብተን ነበር፣ ሰረዙት! በምትኩ የግንዛቤ ማስጨበጫ ወርክሾፕ አስገቡ አሉን። የኛ ሰፈር ሰው ጭሱን በአፍንጫው ያውቀዋል፣ ስለ ምኑ ነው ግንዛቤ የምናስጨብጠው?

ውጤቱን ገምቱት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ በቀን አማካይ 15 ማይክሮግራም በሜትር ኪዩብ ነው፣ የዓመቱ ደሞ 5፣ እኛ ጋ ያን የሚያልፍ ቀን ሞልቷል። ወረቀቱን ይዘን የሚመለከተው ቢሮ ስንሄድ ማሽናችሁ እውቅና የለውም አሉን። ክርክሩ ስለ ጭሱ መሆን ሲገባው ስለ ሴንሰሩ ሆነ። ያቺ የተሰረዘች አንድ መስመር ብትኖር ኖሮ ቢያንስ እዛ ጋ አንቆምም ነበር።

ሌላው አንድ ዓመት ብቻ መሆኑ ነው። ኒውዮርክ ሃርለም ውስጥ ሰዎች በሰፈራቸው የፍሳሽ ማጣሪያ ሽታ ተማረው እ.ኤ.አ. በ1988 ዊ አክት የሚባለውን ግሩፕ መሰረቱ፣ የከተማውን አስተዳደር ፍርድ ቤት ከሰው በስምምነት የጨረሱት፣ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ለሰፈሩ ፈንድ ያስወሰኑት በ1993 መጨረሻ ነው። አምስት ዓመት ገደማ ማለት ነው፣ ያውም ጎበዝ ሆነው። በአንድ ዓመት ሴንሰር ትሰቅላለህ፣ ሰው ታሰለጥናለህ፣ ልክ ዳታው ትርጉም መስጠት ሲጀምር ሪፖርት አስገባ ትባላለህ። ፋብሪካው ወይ ትራንስፖርት ድርጅቱ ደሞ ጠበቃውን በዓመት ኮንትራት አይቀጥርም።

ሪፖርቱ ራሱ ቀላል ነው፣ በስልክ ተናግረን ጨረስን ማለት ይቻላል። ፎቶ ላይ ግን ተጨቃጭቀናል፣ የሚያስል ልጅ ፎቶ ካላችሁ ላኩልን አይነት ነገር መጣ፣ አልላክንም። የሴንሰሩን፣ የስብሰባውን ላክን፣ ምንም አላሉም፣ ስለዚህ እናንተም ከተጠየቃችሁ እምቢ በሉ፣ ችግር የለውም።

ለማን ይሆናል? ገና ለሚጀምር ግሩፕ በጣም ጥሩ ነው፣ አንዴ ከነሱ ካገኛችሁ ሌሎቹም በር መክፈት ይጀምራሉ። ጠበቃ ወይ ላቦራቶሪ ለሚፈልግ ግን አይበቃም፣ ለዛ ቢያንስ ሦስት ዓመት የሚቆይ፣ በጀት መስመር ቆጥሮ የማያስጨንቅ ፈንድ ፈልጉ። ለቤት ኪራይ፣ ለኢንተርኔት፣ ስብሰባ ለሚመጡ እናቶች ልጅ ለምትይዝ ሴት እነዚህኞቹ ያለ ጥያቄ ይከፍላሉ፣ ይሄን አትርሱና ጻፉት፣ ብዙ ሰው አፍሮ ይተወዋል።

እኛ ቀጣዩ ዙር ሲከፈት እንደገና እናመለክታለን። መጀመሪያ የምንጽፈው ያንኑ ካሊብሬሽን ነው፣ አሁንም ከሰረዙት ቢሮው የሰጠንን መልስ አያይዘን እንልክላቸዋለን።