ጨለማው የጠፋበት ካራቫጆ

ኦንላይን ያዘዝኩት የጣሊያናዊው ሠዓሊ የካራቫጆ «የማቴዎስ መጠራት» ቅጂ ደረሰኝ። የሻጩ ስም ይቅር። ሸራው ጥሩ ነው፣ ፍሬሙ ጠንካራ ነው፣ አስተሻሸጉም አያስከፋም። ችግሩ ሥዕሉ ነው።

ጨለማውን አብርተውታል! ዋናውን ካራቫጆ የሣለው ከ1599 እስከ 1600 ነው፤ ዛሬም ሮም፣ ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አለ። አብዛኛው ክፍሉ ጥቁር ነው፤ የሥዕሉ ጉልበትም ያለው እዚያ ላይ ነው። ቀራጮቹ ጠረጴዛ ከበው ገንዘብ ሲቆጥሩ ክርስቶስ ከቀኝ ገብቶ እጁን ይዘረጋል፣ ብርሃኑ ከጭንቅላቱ በላይ አልፎ ግድግዳውን በሰያፍ እየሰነጠቀ ፊታቸው ላይ ያርፋል፣ እሱ ራሱ ግን ጥላ ውስጥ ነው፤ ጴጥሮስም ከፊቱ ቆሞ ጋርዶታል። «ተከተለኝ» የሚለው ያ ብርሃን ነው። እኔ ጋ በመጣው ላይ ክፍሉ ሁሉ በርቷል፣ የክርስቶስ አክሊለ ብርሃን፣ ያቺ ቀጭን የወርቅ መስመር፣ ከግድግዳው ጋር ተመሳስላ ጠፍታለች።

መቁረጣቸው ደግሞ ባሰ። ዋናው 322 በ340 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ቁመቱና ወርዱ እኩል ሊሆን ትንሽ የቀረው። እነሱ ከሶፋ በላይ እንዲያምር ብለው ይመስለኛል፣ ከላይ ገምሰው ወደ ጎን የረዘመ አደረጉት። ባዶ ግድግዳ መስሏቸው ነው እንዳልል መስኮቱ እዚያ ነው እኮ፤ ብርሃን የማያስገባ መስኮት፣ እንጨቱ ግን መስቀል ሠርቶ ከክርስቶስ እጅ በላይ የቆመ። እጁም ማይክል አንጄሎ ቫቲካን ባለው ሲስቲን ጸሎት ቤት ጣሪያ ላይ የሣለውን የአዳምን እጅ ያስታውሳል። ክርስቶስ ዳግማዊ አዳም መባሉን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ መስቀሉ ሲቆረጥ ግን ግማሹ ሐሳብ አብሮ ሄደ።

ቀለሙ ላይ ብዙም አልልም። ላባ የሰካው ልጅ እጅጌ ላይ ያለው ቀይ ብርቱካንማ ሆኗል። ላዩም ያብለጨልጫል፤ ማታ መብራት ሲበራ የማቴዎስ ፊት ላይ አምፑል ይታያል።

ለሻጩ ጻፍኩ። «ደንበኞች በጣም ጨለመ እያሉ ስለሚመልሱት ነው» አለኝ። ልታዝዙ ካሰባችሁ የማያብለጨልጭ ሸራ ምረጡ፣ ሳይቆረጥና ሳይበራ እንዲታተም ቀድማችሁ ጠይቁ፣ መስኮቱ መኖሩንም ከመክፈላችሁ በፊት ናሙናው ላይ እዩ።