እንዳለሽ እወድሻለሁ፦ ሼክስፒር እና ቢሊ ጆኤል ሲመዘኑ

እ.ኤ.አ. በ1609 ከታተሙት የሼክስፒር 154 ሶኔቶች (በቋሚ ቅርጽ የሚጻፉ አጫጭር ግጥሞች) 130ኛው እና የአሜሪካዊው ዘፋኝ ቢሊ ጆኤል የ1977 ዘፈን «ጀስት ዘ ዌይ ዩ አር» («እንዳለሽ») የሚገቡት ቃል አንድ ነው፦ ሴቲቱን ሳያጋንኑ፣ እንዳለች መውደድ። ቃሉን የጠበቀው ግን ሶኔቱ ነው።

ሶኔቱ 14 ስንኝ አለው። በ12ቱ አንደኛው ከሦስተኛው፣ ሁለተኛው ከአራተኛው እያለ ቤት ይመታል፤ የመጨረሻዎቹ 2 እርስ በርስ ይገጥማሉ። ገጣሚው በ12ቱ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ ገጣሚ ከፔትራርክ ወዲህ የተለመደውን ሙገሳ እያነሣ ይጥላል። ዓይኗ ፀሐይን አይመስልም፣ ኮራል የተባለው የባሕር ጌጥ ከከንፈሯ ይልቅ ቀይ ነው፣ ጸጉሯ ጥቁር ሽቦ ነው፣ ትንፋሿን ሽቶ ያስንቀዋል፣ ስትሄድም መሬት ትረግጣለች። ጉድለቱ ሁሉ በስሙ ተጠርቷል። እዚህ ላይ ያቆመ አንባቢ ስድብ ይመስለዋል፤ ብዙዎችም የሚስቱት በዚህ ነው። የመጨረሻዎቹን 2 ስንኞች በወረቀት ሸፍኖ 12ቱን ማንበብ፣ ከዚያ መግለጥ ነው። የሐሰት ንጽጽር ያላስፈለገው ፍቅር ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ የሚነገረው እነሱ ላይ ነው።

ዘፈኑ አንድም ጉድለት አይጠራም። እኔን ለማስደሰት ብለሽ አትለወጪ፣ አዲስ ፋሽን አትሞክሪ፣ የጸጉርሽን ቀለም አትቀይሪ ይላል። ሲሰሙት ይጣፍጣል፤ ግጥሙን ለብቻው ላነበበ ግን ሙገሳው ትእዛዝ ትእዛዝ ይሸታል። ሳይለወጡ አብሮ ማርጀት የት አለ? (ጆኤል ዘፈኑን ለያኔዋ ሚስቱ ነው የጻፈው፤ በ1982 ተፋቱ። ዘፈንን በፍቺ መመዘን ግፍ ቢሆንም።) የሚያድነው ዜማው ነው፤ ግጥሙ ያልደፈረውን ስስት የፊል ዉድስ ሳክስፎን ይናገረዋል። ስለዚህ ያጠረውን የነጠላ ሸክላ ቅጂ ትቶ ወደ 5 ደቂቃ የሚጠጋውን የአልበሙን መስማት ይሻላል።

ሶኔቱም እንከን አያጣም። ሴቲቱ አንድ ቃል አትተነፍስም፤ ስለ ራሷ መልክ እንኳ የሚፈርደው እሱ ነው። ለዚህ መፍትሔው እዚያው መጽሐፍ ውስጥ፣ 138ኛው ላይ አለ። እሷ ታማኝ ነኝ ትለዋለች፤ እሱ መዋሸቷን እያወቀ ያምናታል፣ ወጣት እንዲመስላት ብሎ። እሷም ዕድሜው እንደገፋ አልጠፋትም። ሁለቱም ያውቃሉ፣ ሁለቱም እርስ በርስ ይዋሻሉ፣ አልጋቸውንም አይለዩም። በእውነተኛነት ከዘፈኑም ከ130ኛውም ይበልጣል። ለሠርግ ንባብ ግን 130ኛውን መምረጥ ነው።