መብራት ሲጠፋ የትኛው ይሠራል? ለቤት የሚገዙ ስማርት የደህንነት ዕቃዎች ንጽጽር

አንድ ምሽት ሆን ብዬ ዋናውን ብሬከር አወረድኩት። ባለቤቴ ከጨለማው ውስጥ "ደግሞ ዛሬ ምን መጣብህ?" አለችኝ። ለደህንነት ብዬ የሰበሰብኳቸው ዕቃዎች መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ ማየት ፈልጌ ነበር።

ውጤቱ ያሳፍራል። የሳሎኑ ካሜራ ወዲያው ሞተ። ራውተሩም ተከተለው። ሃቡ፣ ማለትም ሴንሰሮቹን የሚያገናኘው ማዕከላዊ ሳጥን፣ ውስጡ ባትሪ ስለሌለው ከበሩ ሴንሰር ጋር ተቆራረጠ። በስልኬ ዳታ አፑን ስከፍተው የዕቃዎቹ ዝርዝር በሙሉ ግራጫ ሆኖ "ከመስመር ውጭ" ይላል። ከሁሉም ርካሹ፣ ኮርኒሱ ላይ የተለጠፈው ተራ የጭስ ማንቂያ ግን መብራቷን ብልጭ እያደረገ ሥራው ላይ ነው። መሞከሪያውን ስጫነው ጆሮ የሚያደነቁር ድምፅ አወጣ፤ ልጆቹም ነቁ።

ከዚያ ወዲህ ዕቃ ስገዛ ስለ ካሜራ ጥራት አልጀምርም። መብራትና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይሠራል ወይ? ጎርፍ፣ አውሎ ነፋስ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ መብራት ነው። ከታች ያለው ንጽጽር ሁሉ በዚህ ሚዛን የተመዘነ ነው።

የጭስ ማንቂያ፦ ተራ፣ ተያያዥ ወይስ ዋይፋይ?

ተራው በባትሪ ይሠራል፣ ብቻውን ይጮሃል። ድምፁ በ3 ሜትር ርቀት 85 ዴሲቤል ያህል ነው። አንድ ክፍል ለሆነ ቤት ይበቃል። ነገር ግን ማንቂያው ታች ሆኖ እናንተ ፎቅ ላይ በር ዘግታችሁ ከተኛችሁ ድምፁ ተዳክሞ ነው የሚደርሳችሁ።

ሁለተኛው እርስ በርሱ በሬዲዮ የተያያዘ ነው። አንዱ ጭስ ሲያገኝ ሁሉም አብረው ይጮሃሉ። ራውተር አይፈልግም፣ አፕ አይፈልግም። ሦስተኛው በዋይፋይ ስልካችሁ ላይ መልእክት የሚልክ ነው።

ሰው ሁሉ ሦስተኛውን ያያል፣ እኔ ግን ሁለተኛውን እመርጣለሁ። እሳት ሲነሳ ቤት ውስጥ ያለን ሰው የሚያድነው ጩኸት እንጂ ኖቲፊኬሽን አይደለም። ዋይፋዩ ዋጋ የሚኖረው ቤቱ ቀን ቀን ባዶ ከሆነ ወይም አንድ አዛውንት ብቻቸውን የሚውሉበት ከሆነ ነው። እሱንም ስትገዙ ኢንተርኔት በሌለበት በራሱ እንደሚጮህ አረጋግጡ። ሁለቱን አንድ ላይ የያዙ፣ ማለትም በሬዲዮ ተያይዘው ለስልክም የሚልኩ አሉ። አቅም ካለ እነሱ ይሻላሉ።

ማሸጊያው ላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፍ ሌላ ልዩነት አለ። አዮናይዜሽን የሚባለው ዓይነት ቦግ ብሎ ለሚነድ እሳት ፈጣን ነው። ፎቶኤሌክትሪክ የሚባለው ደግሞ ሳይነድ ለሚጨስ እሳት ይፈጥናል፤ ለምሳሌ ሶፋ ውስጥ የወደቀ የሲጋራ ቁራጭ ለሰዓታት ሊጨስ ይችላል። አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ፎቶኤሌክትሪኩን ውሰዱ፤ ወጥ ቤት አጠገብ ሲሆን በትንሽ በትልቁ የመጮህ ዕድሉም አነስተኛ ነው። ያለምክንያት የሚጮህ ማንቂያ መጨረሻው ባትሪው ወጥቶ መሳቢያ ውስጥ መግባት ነው።

ተራም ይሁን ስማርት፣ የጭስ ማንቂያ ዕድሜው 10 ዓመት ነው። የተመረተበት ቀን ጀርባው ላይ ተጽፏል፤ ሱቅ ውስጥ ገልብጣችሁ እዩት። ሁለት ዓመት መደርደሪያ ላይ የቆየ ዕቃ ለእናንተ የቀረው ስምንት ዓመት ነው።

ጋዝና ካርቦን ሞኖክሳይድ

እነዚህን ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። የጋዝ ሴንሰር የሚያየው ያልተቃጠለውን፣ ከሲሊንደር ወይም ከቱቦ የሚያፈተልከውን ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ የሚያየው በደንብ ሳይቃጠል የቀረ ነገር የሚተፋውን መርዝ ነው። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

የጋዝ ሴንሰር ስትገዙ መጀመሪያ ቤታችሁ ያለው ጋዝ ምን እንደሆነ እወቁ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ ሴንሰሩ ከወለል እስከ 30 ሴንቲሜትር ባለው ከፍታ ላይ ይሁን። በቧንቧ የሚመጣው የተፈጥሮ ጋዝ ግን ቀላል ነው፣ ወደ ላይ ይወጣል። የእሱ ቦታ ኮርኒሱ ሥር ነው። ቦታው ከተቀያየረ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ግድግዳ ማስጌጫ ነው።

ስማርት ቤት የሚወዱ ሰዎች የሚሠሩት አንድ አደገኛ ነገር አለ። "ጋዝ ሲሸት መብራት አብራ፣ ቬንትሌተር አስነሳ" ብለው አፑ ላይ ያዛሉ። ማብሪያው ውስጥ ያለው ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ መገናኛ) ሲገናኝ ብልጭታ ሊያወጣ ይችላል። ጋዝ በሞላ ክፍል ውስጥ ይህ ክብሪት መጫር ማለት ነው። ጋዝ ሲፈስ ትክክለኛው አውቶሜሽን ሳይረንና የጋዙን መስመር የሚዘጋ ቫልቭ ነው፤ ሌላ ምንም አትንኩ።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ይበልጥ የሚገድለው ደግሞ መብራት በጠፋ ቀን ነው፤ ሰው ጄነሬተር ጋራዥ ውስጥ ያስነሳል፣ ለሙቀት ብሎ ከሰል ወደ ቤት ያስገባል። ስለዚህ ሶኬት ላይ ብቻ የሚሰካ፣ ባትሪ የሌለው ማንቂያ ለእኔ ከንጽጽሩ ወጥቷል። በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው የሚጠፋው።

ከቀሩት መካከል ቁጥር የሚያሳየውን ውሰዱ። ምክንያቱ ይኸውላችሁ። ዩኤል 2034 በተባለው የአሜሪካ መስፈርት መሠረት ማንቂያው አየሩ ውስጥ ከሚሊዮን 70 እጅ ሲገኝ የሚጮኸው ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። 400 ሲደርስ ግን ከ4 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ይጮሃል። ከ70 በታች ዝም ሊል ይችላል። ትንሽ ሕፃን ወይም የልብ ሕመምተኛ ቤት ውስጥ ካለ "40" የሚል ቁጥር ማየት ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ጭስና ካርቦን ሞኖክሳይድን አንድ ላይ የያዘ ከሆነ ደግሞ ድምፁን ለቤተሰቡ አስተምሩ። በብዙዎቹ ላይ ሦስት ሦስት ጊዜ የሚደጋገመው ጩኸት ጭስ ነው፣ አራት አራቱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። አልፎ አልፎ አንዴ ጢው የሚለው ባትሪ አለቀ ማለት ነው።

ሃብ ወይስ ቀጥታ ዋይፋይ?

ቀጥታ በዋይፋይ የሚሠራ ዕቃ ለመግጠም ቀላል ነው። ከካርቶኑ አውጥቶ ፓስወርድ ማስገባት ብቻ ነው። ግን አብዛኛው ትእዛዝ የሚሄደው ሩቅ አገር ወዳለ ሰርቨር ነው። በሩ ሲከፈት ሳይረኑ እንዲጮህ መልእክቱ ውቅያኖስ ተሻግሮ ይመለሳል።

ዚግቢ፣ ዚ-ዌቭ ወይም ስሬድ የተባሉትን የሬዲዮ መገናኛዎች የሚጠቀሙት ሴንሰሮች ቤት ውስጥ ካለ ሃብ ጋር ነው የሚነጋገሩት። ትንሽ ኃይል ስለሚበሉ በአንዲት ክብ ባትሪ ከዓመት በላይ ይቆያሉ። ሃቡ የራሱ ባትሪና ሲም ካርድ ካለው መብራትም ዋይፋይም ጠፍቶ መልእክት ይልካል። ሻጩን "ኢንተርኔት ሲጠፋ ሳይረኑ ይጮሃል?" ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ከተንተባተበ ሌላ ሱቅ እዩ።

በሰርቨር መተማመን ምን እንደሚያመጣ በተግባር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሪቮልቭ የተባለው ሃብ ሰርቨሩ ሲዘጋ ዕቃው ከጥቅም ውጭ ሆነ። በ2022 ኢንስቲዮን የተባለው የስማርት ቤት ኩባንያ ደንበኞቹን ሳያስጠነቅቅ ሰርቨሩን አጠፋ። በዲሴምበር 2021 የአማዞን ክላውድ ሲቋረጥ የሪንግ ካሜራዎች ለሰዓታት ተቸገሩ። ስለዚህ የእኔ ምርጫ ያለ ሰርቨር ቤት ውስጥ የሚሠራ ሃብ ነው። በ2022 የወጣው ማተር የተባለው የጋራ ቋንቋም በቤት ውስጥ ኔትወርክ ስለሚሠራ ምልክቱን ማሸጊያው ላይ ካያችሁ መልካም ነው።

ካሜራ

ካሜራ የሚያምር ዕቃ ነው፣ ግን ለድንገተኛ አደጋ ከሁሉም መጨረሻ ነው የማስቀምጠው። እሳት አያጠፋም፣ ሰው አይቀሰቅስም። ከውጭ ሆናችሁ "ሁሉም ወጥተዋል ወይ?" ብላችሁ ማየት ስትፈልጉ ነው የሚጠቅመው፤ ያንጊዜ ደግሞ ኢንተርኔቱ ሊኖር ይገባል።

ክላውድ ላይ የሚቀዳው ሌባ ካሜራውን ነቅሎ ቢሄድ እንኳ ቪዲዮው ይቀራል፣ በየወሩ ግን ያስከፍላል። ሜሞሪ ካርድ ላይ የሚቀዳው ክፍያ የለውም፣ ከካሜራው ጋር ግን ይሰረቃል። ለእኔ የሚያሸንፈው በኔትወርክ ኬብል ኃይል የሚያገኝ፣ ወደ ተደበቀ መቅረጫ የሚልክ ካሜራ ነው። አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ የባትሪ ሳጥን) ሁሉንም ካሜራ ያቆያል። ችግሩ ኬብል መዘርጋቱ ነው፤ ተከራይ ከሆናችሁ እርሱት። የትኛውንም ብትገዙ ከፋብሪካው ጋር የመጣውን ፓስወርድ በዚያው ቀን ቀይሩ። በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ የወረራቸው ካሜራዎች አብዛኞቹ ፓስወርዳቸው ያልተቀየረ ነበሩ።

ቁልፍና ውሃ

ስማርት ቁልፍ ላይ ብዙ አልቆይም። ከውስጥ በእጅ ዞሮ የሚከፈት ካልሆነ አትግዙት። በጭስ ውስጥ ሆኖ ኮድ የሚያስታውስ የለም። የቁልፍ ቀዳዳ ያለው ከሌለው ይሻላል። ቀዳዳ ከሌለው ቢያንስ ከውጭ 9 ቮልት ባትሪ አስነክተው የሚያስነሱበት ነጥብ ይኑረው። ጥቅሙ ለጎረቤት ጊዜያዊ ኮድ መላክ መቻሉ ነው፤ ማንቂያው ጮኾ እናንተ ሩቅ ስትሆኑ በር የሚከፍት ሰው ታገኛላችሁ።

የውሃ ፍሳሽ ሴንሰር ርካሽ ነው፣ ማጠቢያ ማሽንና የውሃ ማሞቂያ ሥር አስቀምጡት። መስመሩን ራሱ የሚዘጋው ቫልቭ ውድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከቤት የምትርቁ ከሆነ ብቻ ያዋጣል።

የረሳነው ዕቃ

ከዚህ ሁሉ በፊት ለራውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ ግዙ። ተራ ራውተር 10 ዋት ገደማ ነው የሚበላው። 40 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ትንሽ ዩፒኤስ ብክነቱ ተቀንሶ 3 ሰዓት ያህል ያቆየዋል። የራውተሩን ቮልት ከሥሩ አንብቡ፤ 9 ነው ወይስ 12? ፋይበር የምትጠቀሙ ከሆነ ግድግዳው ላይ ያለችው ሌላዋ ሳጥንም ኃይል እንደምትፈልግ አትርሱ። እኔ ረስቼ ነበር። ራውተሩ በርቶ ኢንተርኔት የለም፤ ግማሽ ሰዓት ስልክ ሳሽከረክር ቆየሁ።

ስልካችሁም የዚህ ሰንሰለት አካል ነው። ሌሊት ሳይለንት ላይ ከሆነ መልእክቱ መጣ አልመጣ ልዩነት የለውም። አይፎን ላይ ሳይለንትን አልፎ የሚጮህ "ወሳኝ ማንቂያ" የሚባል ፈቃድ አለ፤ አፑ የሚደግፈው መሆኑን እዩ። አንድሮይድ ላይ ደግሞ አፑ "አትረብሹኝ"ን እንዲያልፍ ፍቀዱለት።

ሁለቱንም ሳጥኖች ዩፒኤሱ ላይ ካደረግኩ በኋላ ብሬከሩን እንደገና አወረድኩት። በዚህኛው ጊዜ ለባለቤቴ አስቀድሜ ነግሬያታለሁ። ሃቡንም ባትሪና ሲም ባለው ቀይሬዋለሁ። በጨለማው ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ይዤ ሄጄ የውሃ ሴንሰሩ ላይ ጣል አደረግኩት። ሦስት፣ አራት ሰከንድ ቆይቶ ሃቡ ጮኸ፣ ከዚያ ኪሴ ውስጥ ስልኩ። ከመኝታ ቤት "ሰማን፣ ሰማን፣ አጥፋው!" የሚል ድምፅ መጣ።