አሮጌው ግቢ ወይስ አዲሱ ፎቅ? ጅማ ላይ ሯጭ ልጅ ላላችሁ

ልጄ ሃያ ደቂቃ ካጠናች መቀመጫዋ ላይ እሾህ ያለ ይመስል ትነሳለች። መሮጥ ነው የምትወደው። ስለዚህ ሁለት የግል ትምህርት ቤቶችን ሳማርጥ መጀመሪያ ያየሁት ሜዳቸውን ነው። ስማቸው ይቅር፤ አንዱን «ግቢው»፣ ሌላውን «ፎቁ» ልበላቸው።

ግቢው የድሮ የቡና ነጋዴ መኖሪያ ነበር። የእንጨት በረንዳ፣ ሰፊ ደረጃ፣ ቆርቆሮ ጣራ። ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያየ ሰው የዚያ ታናሽ ወንድም ይመስለዋል። ስጎበኝ ዝናብ መጣ። ቆርቆሮው ሲጮህ መምህሯ ጠመኔዋን አስቀምጣ ዝም አለች፤ ተማሪዎቹም ደስ አላቸው። ክፍሎቹ ጨለም ይላሉ፣ መጸዳጃ ቤቱም ከሕንፃው ውጭ ነው።

በዚህ በዚህ ፎቁን አይደርስበትም። ብርሃን አለ፣ ላብራቶሪ አለ፣ ውሃም በየፎቁ ይወጣል። ክፍያቸው ብዙም አይራራቅም።

ስፖርት ላይ ስንመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የፎቁ ብሮሹር እግር ኳስ፣ ቅርጫት ኳስና አትሌቲክስ ይላል። ፎቁ ቅጥር ውስጥ ያለው ግን ሲሚንቶ ላይ የተሰመረ አንድ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ነው። መደበኛው 28 በ15 ሜትር ስለሆነ ቦታውን በሙሉ ወስዶታል፤ የተረፈው የሰርቪስ መኪና ማቆሚያ ነው። ዘበኛውን «ጋሼ፣ ልጆቹ ኳስ ይጫወታሉ?» ብላቸው «የኔ ልጅ፣ ኳሷ እኮ ዳይሬክተሩ ቢሮ ነው የምትኖረው» አሉኝ።

ከአሮጌው ቤት ጀርባ ደግሞ ድሮ ቡና የሚሰጣበት ሜዳ አለ። በእርምጃዬ ለካሁት። 60 ሜትር አሯሩጦ ማቆሚያ ይተርፈዋል። ጥግ ላይ መረብ ኳስ ተወጥሯል፤ ለሱ 18 በ9 ሜትር በቂ ነው። የርዝመት ዝላዩ አሸዋ ግን ጠጥሮ ሣር አብቅሏል። ልጅ እዚያ ላይ ቢያርፍ ቁርጭምጭሚቱን ነው። ለስፖርት መምህሩ ነገርኩት፤ «እናስቆፍረዋለን» አለኝ። እናያለን።

አንድ ነገር አትርሱ፤ የጅማ ዝናብ ክረምትን አይጠብቅም። መጋቢት ላይ ጀምሮ ጥቅምት ሊደርስ ይችላል። ሲሚንቶው ፀሐይ ከወጣ በግማሽ ሰዓት ይደርቃል። የግቢው አፈር ግን ጭቃ ሆኖ ይውላል፤ ያን ቀን የስፖርት ክፍለ ጊዜው በረንዳ ላይ ገመድ መዝለል ይሆናል። ስለዚህ ስትጎበኙ ዝናብ ባባራ ማግስት ሂዱ። የክፍለ ጊዜ ሰሌዳውንም ጠይቁ፤ ፈተና ሲቃረብ ስፖርቱ በሒሳብ እንደሚተካ ደግሞ ልጆቹን ጠይቁ።

ልጃችሁ ቅርጫት ኳስ ከወደደ ወይም ላብራቶሪ ከበለጠባችሁ ፎቁ ይሻላል። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ አይቶ ኳስ ያበደ ልጅ ካላችሁ ግን ሁለቱም አይበቁትም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ሜዳ ውሰዱት።

እኔ ግቢው አስመዘገብኳት። ስፖርት ጫማ ሁለት ጥንድ ገዛሁ፤ አንዱ ከጭቃው እስኪደርቅ የሚቀጥለው የስፖርት ቀን ይደርሳል።